ሸክላው ያልያዘው ሙዚቃ

በሚያዝያ 2025 አሜሪካ ውስጥ አንድ አልበም ለገበያ ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አልበሙ 18 ዜማዎች ይዟል። የሚጫወቱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሪያነን ጊደንስ በባንጆ፣ ጀስቲን ሮቢንሰን በቫዮሊን። ድራም የለም፤ ኤሌክትሪክ ጊታር የለም፤ ኪቦርድ የለም። ስቱዲዮም የለም። ሙዚቃው የተቀዳው በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከቤት ውጭ፣ በአሮጌ ቤቶች ደጃፍ ነው። ስለዚህ ከቫዮሊኑና ከባንጆው ጋር የአካባቢው ድምፅ አብሮ ገብቷል፤ ወፎች ይንጫጫሉ፤ ሲካዳ የሚባሉት፣ ለዓመታት አፈር ውስጥ ኖረው አንድ ጸደይ በገፍ የሚወጡት ነፍሳት ዛፉን በጩኸት ይሞሉታል። የአልበሙ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጥቁሯ ወፍ ቁራውን ምን አለችው?» እንደማለት ነው።

መሣሪያ የበዛበት፣ በኮምፒዩተር ተቃንቶና ተለስልሶ የሚቀርብ ሙዚቃ የሰለቸው ጆሮ ይህን ሲሰማ ዕረፍት ያገኛል። «የጥንቱ፣ የተፈጥሮው ድምፅ ተመለሰ» ብሎም ያመሰግናል። ምስጋናው ክፋት የለበትም፤ ግን ቸኩሏል። ለመሆኑ የተመለሰው ምኑ ነው? መሣሪያው ነው? ድምፁ ነው? ወይስ መሣሪያውንና ድምፁን ከሰው ወደ ሰው ያሻግር የነበረው ኑሮ? አሜሪካኖች «ኦልድ ታይም» የሚሉት የገጠር የክር ባንድ ሙዚቃ አንሰራራ ሲባል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ደጋግሞ ወድቋል፤ ደጋግሞም ተነሥቷል። በተነሣ ቁጥር ግን አብሮት የሚነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን ሙዚቃ ከመጥፋት ያዳነው ሸክላ ነው፤ ያጠበበውም ያው ሸክላ ነው። ሸክላውን የመጨረሻ ምንጭ አድርገው የተነሡት ጠባቡን ወረሱ። ሸክላው ያስቀረውን ፍለጋ የሽማግሌ ደጅ የጠኑት ግን ሰፊውን አገኙ። የጊደንስና የሮቢንሰን አልበም ሚዛን ላይ መቀመጥ ያለበትም ከዚህ አንጻር ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ ሙዚቃው ጥቂት እንበል። ኦልድ ታይምን ብዙ ሰው ከብሉግራስ ጋር ያምታታዋል። ብሉግራስ በ1940ዎቹ ቢል ሞንሮና ባንዱ ያሳደጉት የመድረክ ሙዚቃ ነው፤ ተጫዋቾቹ ተራ በተራ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረብ እያሉ ችሎታቸውን ያሳያሉ፤ ፍጥነትና ጥበብ ይፎካከሩበታል። በኦልድ ታይም ተራ የሚባል ነገር የለም። ቫዮሊኑም፣ ባንጆውም፣ ጊታሩም አንዱን ዜማ ይዘው አብረው ይሽከረከራሉ። ዜማው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ ይባልና እንደገና ከራሱ ይጀመራል። ሙዚቃው የተሠራው ለጭፈራ ነውና የሚያበቃው ጨፋሪው ሲደክም ነው።

ቫዮሊኑ ያው በኮንሰርት አዳራሽ የምናውቀው ቫዮሊን ነው። ልዩነቱ ያለው ተጫዋቹ ዘንድ ነው፤ ቅኝቱን እንደ ዜማው ይለዋውጠዋል፤ በደጋኑ ሁለት ክር በአንድ ጊዜ እየነካ፣ አንደኛው ዜማውን ሲያወጣ ሌላኛው ከሥር ሳያቋርጥ እንዲያንጎራጉር ያደርገዋል። የባንጆው ፊት ደግሞ፣ የማሲንቆ ሆድ ቁርበት እንደሚለበጥ ሁሉ፣ በክብ እንጨት ላይ የተወጠረ ቆዳ ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በፕላስቲክ ተተክቷል። አምስት ክሮች አሉት፤ አምስተኛዋ ከሌሎቹ ታጥራለች። ተጫዋቹ ጣቶቹን አጥፎ ክሩን በጥፍሩ ከላይ ወደ ታች ይመታል፤ በመሃል በመሃሉ አጭሯን ክር በአውራ ጣቱ ነካ ያደርጋታል። ክሩ ሲመታ ቆዳው አብሮ ይደልቃል። ድራም የሌለው ባንድ ሰው የሚያስጨፍረው በዚህ ነው፤ ባንጆው ዜማም ከበሮም ሆኖ ያገለግላል።

ይህ አመታት ከየት መጣ ያልን እንደሆነ መልሱ አትላንቲክን ያሻግረናል። ባንጆ የአሜሪካ ተራሮች ፈጠራ አይደለም። በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን በካሪቢያን ደሴቶች ከቅልና ከቆዳ የሠሩት እንዲህ ያለ መሣሪያ ከ17ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ በተጓዦች ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። በምዕራብ አፍሪካ ዛሬም በርካታ ዘመዶች አሉት። ከነዚህ አንዱ በሴኔጋል፣ በጋምቢያና በጊኒ ቢሳው የሚኖሩት ጆላዎች የሚጫወቱት አኮንቲንግ ነው። ሆዱ ቅል ነው፤ ፊቱ ቆዳ ነው፤ በአውራ ጣት የሚነካ አጭር ክር አለው፤ አመታቱም በጥፍር ወደ ታች ነው። ጋምቢያዊው ተመራማሪ ዳንኤል ጃታ ይህን ዝምድና ለዓለም ለማሳወቅ ብዙ ደክሟል። ቫዮሊኑን ያመጡት ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ በጌቶች የጭፈራ ምሽት ደጋኑን ሲስቡ የሚያድሩት ግን ብዙ ጊዜ ባሪያዎቹ ነበሩ። የቫዮሊንና የባንጆ ጋብቻ የተፈጸመው እንግዲህ በዚያ ግቢ ነው።

በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ባንጆው ወደ ነጮች እጅ ገባ። የቨርጂኒያው ጆኤል ስዊኒ መሣሪያውን ከጥቁሮች ተምሮ በየከተማው መድረክ ላይ አወጣው። በ1843 ደግሞ ቨርጂኒያ ሚንስትረልስ የተባሉ አራት ነጮች ፊታቸውን በጥላሸት አጥቁረው ኒውዮርክ ላይ ትርኢት አቀረቡ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አሜሪካ በጥቁሩ ዜማ እየተዝናናች በጥቁሩ ስትስቅ ኖረች። ጥቁር ቫዮሊንና ባንጆ ተጫዋቾች በየመንደሩ አልጠፉም፤ ለጥቁሩም ለነጩም ጭፈራ ይጫወቱ ነበር። የሕዝቡ ዓይን ግን ባንጆን ሲያይ የሚያስበው ነጭ የተራራ ገበሬ እየሆነ መጣ።

ይህን አስተሳሰብ ያተመው ሸክላ ነው። በ1922 የቴክሳሱ ኤክ ሮበርትሰን ኒውዮርክ ሄዶ ለቪክተር ኩባንያ ቫዮሊን ተጫወተ። በ1923 ራልፍ ፒር የተባለው የኦኬ ኩባንያ ሰው ፊድሊን ጆን ካርሰንን አትላንታ ላይ ቀዳው፤ ሸክላው ባልተጠበቀ ሁኔታ ተሸጠ። በ1927 ያው ፒር ብሪስቶል ወደምትባለው ከተማ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ የካርተር ቤተሰብንና ጂሚ ሮጀርስን ቀዳ። ኩባንያዎቹ ገጠሩ ውስጥ ገበያ እንዳለ ሲረዱ ሸክላዎቻቸውን በሁለት ካታሎግ ከፈሉ፤ አንዱን «የዘር ሸክላዎች» ብለው ለጥቁሮች፣ ሌላውን «ሂልቢሊ» ወይም «የድሮ ዜማዎች» ብለው ለነጮች። ከጥቁሩ የሚፈለገው ብሉዝ ሆነ፤ ከነጩ የሚፈለገው የቫዮሊን ዜማ። ጥቁር ቫዮሊን ተጫዋች ከሁለቱም ካታሎግ ውጭ ወደቀ።

አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። በ1927 ጆርጂያ የሎው ሐመርስ የተባለ የነጮች ባንድ ሻርሎት ከተማ ላይ ሲቀዳ፣ በአንዱ ዜማ ላይ ቫዮሊኑን የተጫወተው አንድሩ ባክስተር የተባለ ጥቁር ነበር። በሸክላው ላይ የተጻፈው የነጮቹ ባንድ ስም ነው። ባክስተር ከልጁ ከጂም ጋር ለብቻው የሠራቸው ሸክላዎች ደግሞ ወደ ሌላው ካታሎግ ሄዱ። ሰዎቹ በአንድ ክፍል ውስጥ አብረው ተጫውተዋል፤ ገዢው ግን ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የካርተር ቤተሰብ አባወራ ኤ. ፒ. ካርተርም ዘፈን ፍለጋ በየመንደሩ ሲዞር ዜማውን በጆሮው ይዞ የሚመለስለት ሌስሊ ሪድል የተባለ ጥቁር ጊታሪስት ነበር። የሪድል ስም በሸክላዎቹ ላይ የለም።

ሸክላው ያጠበበው ቀለሙን ብቻ አይደለም። አንዱ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር፤ ጨፋሪ እስኪደክም የሚቀጥለው ዜማ በሦስት ደቂቃ ተቆረጠ። ጨፋሪዎቹም፣ ርምጃውን ጮክ ብሎ የሚያዘው ሰውም ውጭ ቀሩ። እስከ 1925 ድረስ ማይክሮፎንም አልነበረም፤ ተጫዋቾች በአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል ጥሩምባ ፊት ተጠጋግተው ነበር የሚቀዱት፤ ጥሩምባው የወደደውን ድምፅ ይይዛል፤ ያልወደደውን ይጥላል። ዛሬ «የጥንቱ ድምፅ» ብለን የምንናፍቀው ነገር ግማሹ የተጫዋቹ ከሆነ ግማሹ የመሣሪያው ጉድለት ነው።

ሙዚቃውን ለማንሰራራት የተደረገው ጥረትም ገና ከጅምሩ ንጹሕ አልነበረም። በ1920ዎቹ የመኪናው ከበርቴ ሄንሪ ፎርድ የድሮውን ጭፈራና የቫዮሊን ውድድር በገንዘቡ ይደግፍ ነበር፤ በ1926 የጭፈራ ማስተማሪያ መጽሐፍ ሳይቀር አሳትሟል። ነገር ግን በ1921 የራሱ ጋዜጣ ጃዝን የአይሁድ ሴራ አድርጎ ያወገዘ ነበር። ለፎርድ የድሮው ዜማ ከባዕድ መከላከያ አጥር ሆኖ ታየው። አጥሩ የተሠራበት እንጨት ራሱ ከአፍሪካ የመጣ ለመሆኑ ግን ያሰበበት አይመስልም። ያለፈውን ዘመን የሚወድ ሁሉ ያለፈውን ዘመን ያውቀዋል ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ማንሰራራት የከተማ ወጣቶች ነው። በ1952 ሐሪ ስሚዝ የተባለ እንግዳ ጠባይ የነበረው ሰብሳቢ ከ1927 እስከ 1932 ከወጡ ሸክላዎች 84ቱን መርጦ በፎክዌይስ ኩባንያ በኩል በስድስት ትልልቅ ሸክላዎች አሳተመ። ስሚዝ አንድ ብልህ ነገር አደረገ፤ የትኛው ዘፋኝ ጥቁር፣ የትኛው ነጭ እንደሆነ አልጻፈም። ሁለቱን ካታሎግ እንደገና ቀላቀላቸው። ይሁን እንጂ እሱም ሊቀላቅል የሚችለው ኩባንያዎቹ የቀዱትን ብቻ ነበር። ያልተቀዳው ጥቁር ቫዮሊን ተጫዋች በስሚዝ ሳጥን ውስጥም ሊገኝ አይችልም።

በ1958 ማይክ ሲገር፣ ጆን ኮኸንና ቶም ፔሊ ኒው ሎስት ሲቲ ራምብለርስ የተባለውን ባንድ መሠረቱ። እነዚህ ሰዎች የ1920ዎቹን ሸክላዎች እየደጋገሙ አዳምጠው፣ የእያንዳንዱን ባንድ አጨዋወት ለይተው አወጡት። ከነሱ በፊት የከተማ ዘፋኞች የገጠሩን ዘፈን ለጆሮ እንዲመች አሽሞንሙነው ነበር የሚያቀርቡት፤ እነሱ ሻካራውን ድምፅ እንደ ሻካራነቱ አከበሩት። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ጉዳቱ የመጣው በተከታዮቻቸው በኩል ነው። አንድ የገጠር ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ በሦስት ደቂቃ ያስቀረው አጨዋወት ሕግ ሆነ። ያ ሰው በማግሥቱ ዜማውን በሌላ መንገድ ተጫውቶት ሊሆን እንደሚችል ተረሳ።

«ኤሌክትሪክ ያልነካው ድምፅ» የሚለው እምነትም ከዚያው ዘመን የወጣ ነው። በ1960 ራልፍ ሪንዝለር የተባለ ሰብሳቢ ክላረንስ አሽሊ የተባሉትን አዛውንት ሊቀዳ ወደ ደቡብ ወረደ፤ በዚያም ዓይነ ስውሩን ጊታሪስት ዶክ ዋትሰንን አገኘው። ዋትሰን ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ ጊታር ነበር የሚጫወተው። የሚሠራበት የጭፈራ ባንድ ቫዮሊን ተጫዋች ስላልነበረው፣ የቫዮሊኑን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታሩ ይመታላቸው ነበር። ሪንዝለር ግን ኤሌክትሪኩን አልፈለገም። ዋትሰን ጊታር ተውሶ ተቀዳ፤ ከዚያም እስከ 2012 ዕለተ ሞቱ ድረስ የአኩስቲክ ጊታር ታላቅ ሰው ሆኖ ኖረ። ያ ምርጫ ለሙዚቃው ትልቅ ትርፍ እንዳመጣ የሚክድ የለም። ነገር ግን ምርጫው የማን ነበር? የገጠሩ ሰው ዜማውን በእጁ ባገኘው መሣሪያ ያስቀጥል ነበር፤ አኩስቲክ ይሁንልን ያለው እንግዳው ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ ብቻውን የእውነተኛነት ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ግን ግፍ ይሆናል። ራሱ ማይክ ሲገር በሸክላ ብቻ የረካ ሰው አልነበረም። በ1963 ዶክ ቦግስ የተባሉትን፣ በ1920ዎቹ ሸክላ ቀድተው ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በከሰል ማዕድን ሥራ የፈጁትን ባንጆ ተጫዋች ቨርጂኒያ ድረስ ሄዶ አግኝቷቸዋል። በኋላ ደግሞ የብዙ ወጣቶች መንገድ ወደ ቶሚ ጃረል ቤት ሆነ። ጃረል በ1901 የተወለዱ የሰሜን ካሮላይና ሰው ናቸው፤ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ እስከ 1985 ዕረፍታቸው ድረስ ቤታቸው ቫዮሊን ያነገተ እንግዳ አጥቶ አያውቅም። ወጣቶቹ እዚያ ያገኙት ትምህርት ከሸክላ የሚገኝ አልነበረም። ዜማው መቼ እንደሚባል፣ ማን ለማን እንዳስተማረው፣ ደጋኑ ከክንድ ወይስ ከእጅ አንጓ እንደሚነሣ፣ ጨዋታው ሲሞቅ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሚታወቀው አጠገብ ተቀምጦ ነው።

ከነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ፤ አስተማሪዎቹም እንዲሁ። ጥቁሩ ቫዮሊን ተጫዋች የት ሄደ? አንደኛው ሜቤን በምትባል የሰሜን ካሮላይና ከተማ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጆ ቶምሰን ይባላሉ፤ የተወለዱት በ1918 ነው። ቫዮሊኑን የወረሱት ከአባታቸው ነው፤ ባንጆ ከሚጫወቱት የአጎታቸው ልጅ ኦዴል ጋር በወጣትነታቸው ጭፈራ ቤት ሁሉ ይዞሩ ነበር። ዘመን ተለወጠና ጭፈራው ቀረ፤ መሣሪያውም ተቀመጠ። በ1970ዎቹ አንድ የባህል አጥኚ ደጃቸውን ሲያንኳኳ ሁለቱ እንደገና መጫወት ጀመሩ። ኦዴል በ1994 ዐረፉ።

በሚያዝያ 2005 ቡን በምትባለው የሰሜን ካሮላይና ከተማ የጥቁሮች ባንጆ ጉባኤ ተካሄደ። ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን የተገናኙት እዚያ ነው። ጊደንስ በኮሌጅ የተማረችው ኦፔራ ነበር፤ ፍሌመንስ ከሩቅ ከአሪዞና የመጣ ነው። በዚያ ዓመት በጋና መኸር ሦስቱ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ወደ ሜቤን እየሄዱ ከ86 ዓመቱ ሽማግሌ ጋር ይጫወቱ ጀመር። ያ የሐሙስ ጨዋታ ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለውን ባንድ ወለደ። በ2010 ያወጡት አልበም በተከታዩ ዓመት የግራሚ ሽልማት አገኘ። ቶምሰን ሽልማቱን ዐይተው በ2012፣ በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

ነገሩን በቁጥር ብናስበው ያስደነግጣል። በአንድ ወቅት ደቡብን ሁሉ ያስጨፍር የነበረ የጥቁሮች የክር ባንድ ወግ፣ ለነዚህ ሦስት ወጣቶች የደረሰው በአንድ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ነው። ጉባኤው አምስት ዓመት ቢዘገይስ ኖሮ? ሽማግሌው ሰው አልቀበልም ብለው ቢሆንስ? በሸክላ ላይ ያልተቀዳ ነገር ሌላ መጠባበቂያ የለውም።

አሁን ወደ 2025ቱ አልበም እንመለስ። ጊደንስ ከዚያ ወዲህ ሩቅ ሄዳለች። በ2017 የማካርተርን ሽልማት፣ በ2023 ደግሞ ከማይክል ኤብልስ ጋር በደረሰችው «ዑመር» በተባለው ኦፔራ የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝታለች። በ2024 ቢዮንሴ ባወጣችው ዝነኛ የካንትሪ ዘፈን ላይ የሚሰማው ባንጆ የሷ ነው። ሮቢንሰን ግን በ2011 ከባንዱ ወጥቶ የራሱን መንገድ ይዞ ነበር። ሁለቱ እንደገና ሲገናኙ ያነሡት ከመምህራቸው የተማሩትን ዜማ ነው፤ የተቀመጡትም ጆ ቶምሰን ይኖሩበት በነበረው ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ሌላው የመቅጃ ቦታ በ2006 ያረፉት የጊታርና የባንጆ ባለሙያ ኤታ ቤከር ቤት ነው። ሦስተኛው ቀድሞ በባሪያ ጉልበት ይለማ የነበረ የእርሻ ጌታ ቤት ነው።

የአልበሙ ትልቁ ጥንካሬ አለማሳየቱ ነው። የኦፔራ ጉሮሮ ያላት ዘፋኝ አልፎ አልፎ ብቻ ታንጎራጉራለች፤ ድምጿን ለማሳየት አንድም ጊዜ አትንጠራራም። ቫዮሊኑ ይመራል፤ ባንጆው ከሥሩ እየደለቀ ይከተላል። ሮቢንሰን ደጋኑን አጠር አጠር አድርጎ፣ ምቱን ጠበቅ አድርጎ ይስባል፤ ዜማው ክብ ስለሆነ የት እንደተጀመረ ይረሳል። ሁለቱ የሚሰሙት አንዱ ሌላውን እንጂ አድማጩን አይመስልም። በአንድ ሐሙስ ማታ አንድ ጥግ ተቀምጠን የምናዳምጥ ያህል ነው።

የነፍሳቱ ጩኸትስ? ይህ ከሁሉ የሚያከራክረው ነው። በአንድ በኩል ጌጥ ነው ማለት ይቻላል። ውድ ማይክሮፎን ወደ መስክ ወስዶ ገጠርነትን መሸጥ ለሙዚቃ ነጋዴ አዲስ ዘዴ አይደለም። በበኩሌ ግን እዚህ ላይ ጩኸቱ ሥራ ይሠራል እላለሁ። በ2024 በአሜሪካ ሁለት የሲካዳ ትውልዶች በአንድ ጸደይ ወጡ፤ ሁለቱ በአንድ ዓመት የወጡት ከዚያ በፊት በ1803 ነበር። በ1803 ደግሞ በዚያ አገር ጥቁር ቫዮሊን ተጫዋች ማለት አብዛኛውን ጊዜ ባሪያ ማለት ነበር። ነፍሳቱ ደጃፉ ላይ ሲጮኹ፣ ጥቁሮች በፈቃዳቸው ተቀምጠው ለራሳቸው ሲጫወቱ ሲሰማ፣ ሁለቱ ምእተ ዓመታት በአንድ ድምፅ ውስጥ ይገናኛሉ። አልበሙ ይህን አይሰብክም፤ ለአድማጩ ይተወዋል። በእርሻው ጌታ ቤት ደጃፍ ላይ የተቀዱት ዜማዎች ደግሞ ያለ አንዳች ንግግር ከባድ ናቸው።

ሌላም ጥቅም አለው። የተዘጋ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ዜማ «የዚህ ዜማ ትክክለኛው አጨዋወት ይህ ነው» የሚል ይመስላል። ወፍ ጣልቃ የገባበት ዜማ ግን «ዛሬ፣ እዚህ፣ እንዲህ ተጫወትነው፤ ነገ በሌላ መንገድ እንጫወተዋለን» ይላል። ሸክላ ያጠፋው ይህን ስሜት ነበር።

ጉድለቱንም መናገር ይገባል። 18 ዜማ በአንድ አልበም ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በ1927 ሦስት ደቂቃው የሸክላው ግዴታ ነበር፤ ዛሬ ማንም አያስገድድም። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱን ዜማ ሩብ ሰዓት ቢጫወቱት፣ አድማጩ ከመሰልቸት አልፎ ወደ መደንዘዝ፣ ከዚያም አልፎ ጨፋሪ የሚደርስበት ሙቀት ላይ ይደርስ ነበር። አልበሙ ያንን አልደፈረም። ሁለተኛ፣ አልበሙ የሁለት ሰዎች ጭውውት ነው፤ የጭፈራው ማኅበር የለበትም። ሙዚቃው ግን ለእግር የተሠራ ነበር። ሸክላው ካስቀረው ውስጥ ሰውና ቦታ ተመልሰዋል፤ ጊዜና ጭፈራ አሁንም ደጅ ናቸው።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ የቀለም ጉዳይ ሲሰሙ ይሰለቻሉ። «ዜማ ቀለም የለውም፤ ለምን ፖለቲካ ታደርጉታላችሁ?» ይላሉ። ዜማ ቀለም እንደሌለው እኔም አምናለሁ፤ የኩባንያዎቹ ካታሎግ ግን ነበረው፤ ለመቶ ዓመት ያህል የምናውቀው ታሪክም የተጻፈው ከካታሎጉ ነው። በሌላ በኩል፣ አንዱን ጠባብ ባለቤትነት በሌላ ጠባብ ባለቤትነት መተካትም አያዋጣም። ጆ ቶምሰን ለጥቁሩም ለነጩም ጭፈራ ይጫወቱ ነበር፤ ከዜማዎቻቸው ብዙዎቹን ነጭ ጎረቤቶቻቸውም ያውቋቸዋል። ጊደንስ በ2017 ለብሉግራስ ባለሙያዎች ጉባኤ ባደረገችው ንግግር ስታስረዳ የነበረውም ይህን የጋራ አመጣጥ ነው። እሷ የጠየቀችው ወንበር እንዲጨመር ነው፤ ማንም ይነሣ አላለችም።

የዛሬው አንሰራሪ ካለፉት የሚለይበት አንድ ከባድ ሐቅ አለ። ጃረል የሉም፤ ቤከር የሉም፤ ቶምሰን የሉም። ሬዲዮና ሸክላ መንደራቸው ሳይገቡ ዜማውን ከአባታቸው ጉልበት ሥር የተማሩ ሰዎች አልፈዋል። ከእንግዲህ ደጅ የሚጠናው የተማሪዎቻቸው ደጅ ነው። በሚያዝያ 2025 ጊደንስ በደርሃም ከተማ ባዘጋጀችው ፌስቲቫል ላይ የቀድሞዎቹ ቾኮሌት ድሮፕስ እንደገና ተገናኝተው ተጫውተዋል። በ2005 እየነዱ ወደ ሜቤን ይሄዱ የነበሩት ልጆች ዛሬ ሰው እየነዳ የሚሄድባቸው ሆነዋል።

ስለዚህ አልበሙን ግዙ፤ አዳምጡ፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ይህን ሙዚቃ ሊማር የሚፈልግ ወጣት አልበሙን ሸምድዶ የወፉ ድምፅ የት ላይ እንደገባ ሳይቀር ቢያውቅ፣ የድሮውን ስሕተት በአዲስ ሸክላ ደገመ ማለት ነው። ጊደንስና ሮቢንሰን የተማሩት ከመምህራቸው ጋር ሳምንት ሳምንት ተቀምጠው ነው። አልበሙ አድራሻውን ጠቁሟል፤ መንገዱን መሄድ የአድማጩ ፈንታ ነው።